ትሬዠር አይላንድ ክፍል ሁለት አያስፈልገውም ነበር? ብሩ እኮ እዛው ደሴቱ ላይ ቀርቷል

የመርከቡ ልጅ
ሰላም ለዚህ ቤት። እኔና ልጄ ማታ ማታ ትሬዠር አይላንድን ስናነብ ከርመን ትናንት ጨረስን። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ነው የተወለደችው፣ በእንግሊዝኛ አነብላታለሁ ከዛ መሀል መሀል ላይ አማርኛዋ እንዳይጠፋ ብዬ በአማርኛ አወራላታለሁ። ለማታውቁት ባጭሩ፦ ጂም ሆኪንስ የሚባል ልጅ በእናትና አባቱ ማደሪያ ቤት ውስጥ ከሞተ ባሕረኛ ሳጥን ካርታ ያገኛል፣ ሰፈር ያሉት ባላባትና ዶክተሩ መርከብ ገዝተው ሀብቱን ፍለጋ ይሄዳሉ፣ የመርከቡ ወጥ ቤት አንድ እግር ያለው ሎንግ ጆን ሲልቨር ሁሉም የሚወደው ሰውዬ የወንበዴዎቹ አለቃ ሆኖ ያርፈዋል፣ ከዛ በኋላ መተላለቅ ነው።

አሁን መጨረሻው። ወርቁን ጭነው ይመለሳሉ ግን የብር ዘንጎቹና መሣሪያው ሀብቱን የቀበረው የወንበዴ ካፒቴን ፍሊንት የቀበረበት እንዳለ ይቀራል። ሦስት ወንበዴዎች በሕይወታቸው ደሴቱ ላይ ተትተዋል። ሲልቨር አንድ ከረጢት ሳንቲም ይዞ መንገድ ላይ ጠፍቷል። ልጄ መጽሐፉን ከእጄ ቀምታ ገጹን ገለበጠችው፣ ባዶ። «አባዬ ብሩስ?» አለችኝ። ቀረ አልኳት። «ማን ሊወስደው?» ዝም አልኩ በቃ። እንደገና ገጹን ገለበጠች።

እና እኔም ሳስበው እውነቷን ነው። ክፍል ሁለት ሊጽፍ ያላሰበ ሰው ብሩን እዛ ምን ብሎ ይተዋል? ሁሉንም ጭነው ቢመጡ ምን ችግር ነበረው? እስቲ በሉ።

ሲኒማ በር ላይ
ክፍል ሁለት አለው እኮ ወንድሜ፣ ብላክ ሴይልስ አላየህም እንዴ? አራት ሲዝን ነው። ካፒቴን ፍሊንት፣ ሲልቨር፣ ቢሊ ቦንስ ሁሉም አሉ።

የመርከቡ ልጅ
እሱ ከመጽሐፉ በፊት የሆነውን ነው የሚያሳየው ሲኒማ፣ ሲልቨር እግሩ ገና ሳይቆረጥ ነው የሚጀምረው። የኔ ጥያቄ ከዛ በኋላስ ነው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ደግሞ አይሆንም ሃሃሃ ጉድ ነው ውስጡ ያለው።

ሲኒማ በር ላይ
እሱስ ልክ ነህ፣ እኔም ከእናቴ ጋር ከፍቼው ሪሞቱን ፍለጋ ነበር የሮጥኩት

ቅዳሜ ገበያ
ደራሲው ስቲቨንሰን ሳንባ በሽተኛ ነበር ልጅ እያለ ነው የሞተው፣ ጊዜ አጥቶ ነው እንጂ ይጽፈው ነበር። ምን ይደረግ።

መምህር ነኝ ጡረታ አልወጣሁም
ቅዳሜ ገበያ፣ በሽተኛ መሆኑ ልክ ነው፣ ጊዜ አጣ የሚለው ግን አያስኬድም። መጽሐፉ በ1883 ነው የታተመው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ከዛ በፊት በ1881 እና 82 በልጆች መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጥቷል። ሰውየው ሳሞአ ላይ የሞተው በ1894 በ44 ዓመቱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ማለት ነው። በዛ ውስጥ ስንት ነገር ጻፈ።

ዋናው ግን ይሄ ነው፣ ሰውየው ክፍል ሁለት መጻፍ የማይወድ ሰው አልነበረም። በ1886 ኪድናፕድን ጻፈ። እሱም ጀብዱ ነው፣ ዴቪድ ባልፎር የሚባል ልጅ አጎቱ ለመርከብ ሰዎች ይሸጠዋል፣ ከዛ በስኮትላንድ ተራራ ለተራራ ከወታደር ሲሸሽ ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ዴቪድ ኤዲንብራ አንድ ባንክ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። አለቀ። ጓደኛው አለን አላመለጠም፣ ያለ ጥፋቱ ሊሰቀል የታሰረ ሰው አለ፣ እሱም አልተፈታም። ሰባት ዓመት ቆይቶ በ1893 ካትሪዮና የሚል ክፍል ሁለት አወጣ፣ እና የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ዴቪድ ከዛው ባንክ ሲወጣ ነው፣ ከጎኑ የገንዘብ ከረጢት የተሸከመ ሰው አለ። ሰባት ዓመት በር ላይ አቁሞት ከዛው በር አስወጣው። ይሄን ማድረግ የሚችል ሰው ትሬዠር አይላንድን ካልነካው ረስቶት አይደለም።

ቅዳሜ ገበያ
እሺ መምህር፣ ተምሬያለሁ። ግን ሳይጽፈው መቅረቱ መጻፍ አልነበረበትም ማለት አይደለም እኮ

መምህር ነኝ ጡረታ አልወጣሁም
እሱ ትክክል ነው። ዘጠኝ ከአሥር ሰጥቼሃለሁ።

አሮጌ መጽሐፍ ተራ
እኔ መጽሐፍ ሻጭ ነኝ፣ ድሮ በእጄ ይዤ ካፌ ለካፌ አዞር ነበር አሁን እግዜር ይመስገን መደርደሪያ አለኝ። የሰውን ጠባይ ልንገራችሁ። ጀብዱ መጽሐፍ ገዝቶ የጨረሰ ሰው ተመልሶ ሲመጣ የሚጠይቀኝ ደራሲውን አይደለም፣ «ቀጣዩ አለ ወይ» ነው። ዴርቶጋዳ የወጣ ጊዜ ራማቶሓራ መጣ አልመጣ እያለ ስንቱ ነው ያደከመኝ፣ ስልኬን ወስዶ ማታ የሚደውል ነበር። አንባቢ ከሰዎቹ ጋር መለያየት አይፈልግም በቃ። እኔም አልጣላም፣ እንጀራዬ ነው ሃሃ። ስለዚህ ክፍል ሁለት «ያስፈልጋል ወይ» የሚለው ለአንባቢ ጥያቄ አይደለም፣ ለአንባቢ ሁሌም ያስፈልጋል። ለመጽሐፉ ያስፈልጋል ወይ ነው ጥያቄው፣ እሱን ደግሞ እናንተ የተማራችሁት ተከራከሩበት

ሮቢንሰን ሰለቸኝ
ለመጽሐፉ ሲባል ከሆነ ሮቢንሰን ክሩሶን እዩ። የመጀመሪያው በ1719 ሚያዝያ ወጣ፣ ተሸጠ ተሸጠ፣ ክፍል ሁለት በዛው ዓመት ነሐሴ ላይ ደረሰ፣ አራት ወር! ሦስተኛው በሚቀጥለው ዓመት። እስቲ ማን ነው እዚህ ክፍል ሁለቱን ያነበበው? እኔ አንብቤዋለሁ አትድከሙ። ደራሲው የክሩሶን አገልጋይ ፍራይዴን ቀስት አስወግቶ ይገድለዋል፣ ክሩሶ ራሱ ቻይና ሄዶ ይነግዳል፣ በሳይቤሪያ በኩል ይመለሳል። ሰው አንድ ደሴት ላይ 28 ዓመት አብሮት የኖረውን ነገር ሁሉ ነጋዴ አርጎ በተነው። የመጀመሪያውን መልሼ ሳነብ ፍራይዴ ገና ከባሕሩ ዳር ሲሮጥ ሲመጣ፣ አይ አንተ ምን እንደሚጠብቅህ ባወቅህ እያልኩ አንገቴን እደፋለሁ። ይሄን ነው ክፍል ሁለት ያደረገልኝ።

አቢጊያ ከሪያድ
እኔ ኩሽና ስሠራ በጆሮዬ ነው የሰማሁት በኦዲዮ፣ ስለዚህ የስም አጻጻፍ ከሳትኩ ይቅርታ። እናንተ ሁላችሁም ስለ ብሩ ነው የምታወሩት። እኔ ማወቅ የምፈልገው የሲልቨርን ሚስት ነው። አስታወሳችኋት? ጥቁር ናት ይላል፣ ስም እንኳን አልሰጣትም ደራሲው። ግን ልብ በሉ፣ ሰውየው ብሪስቶል ውስጥ መጠጥ ቤት ነበረው፣ ባንክ ገንዘብ ነበረው፣ መርከቡ ሲነሳ ሁሉን ለሷ ትቶ ነው የሄደው። ጂም ውስጡ ሆኖ የሚሰማበት ፖም በርሜል ጋ ለዛ ለልጁ ባሕረኛ ሲያወራ እኮ ምን አለ፣ ቤቱ ተሸጧል ገንዘቡም በሷ እጅ ነው፣ የምንገናኝበትንም እናውቃለን ዓይነት ነገር። ያ ሰው፣ ማንንም የማያምን፣ በሁለት ቢላ የሚበላ ሰው፣ ያለውን ሁሉ ለአንዲት ሴት ሰጥቶ ባሕር ወጣ። ፍሊንት ራሱ ሲልቨርን ይፈራ ነበር ተብሏል፣ ሲልቨር ደግሞ የሚያምነው እሷን ብቻ ነው።

እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ልኬ አውቃለሁ፣ ማን ላይ እንደሚላክና ማን ላይ እንደማይላክ ተምሬያለሁ በውድ ዋጋ ነው የተማርኩት፣ እና ያቺን ሴት አከብራታለሁ። መጨረሻ ላይ ጂም፣ ሲልቨር ምናልባት ከሷና ከበቀቀኑ ጋር ተገናኝቶ ደህና እየኖረ ይሆናል ብሎ በአንድ መስመር ያልፋታል። አንድ መስመር! ክፍል ሁለት የሚጻፍ ከሆነ ከሷ ይጀመር፣ ደሴቱን ተዉት።

የመርከቡ ልጅ
አቢጊያ ይሄን እኔ አላሰብኩትም፣ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ አላየኋትም። ለልጄ እነግራታለሁ።

ጠገራ
ሲልቨር ማለት ብር ስለሆነ እኛ ቤት «ጋሽ ብሩ» ነው የምንለው። ወንድሜ ነው ያወጣው። እና አባባሉ እንዲህ ነው፣ ብሩ ደሴቱ ላይ ቀረ፣ ጋሽ ብሩ አመለጠ። ከዚህ በላይ ምን መጨረሻ ትፈልጋላችሁ ሃሃሃሃ

ቅዳሜ ገበያ
ጋሽ ብሩ ገደለኝ

ጠገራ
የምሬን ግን፣ በቀቀኑ የሚጮኸው «ፒስስ ኦፍ ኤይት» ብሎ ነው አይደል። ይሄ ስምንት ሪያል የሚያወጣ የስፔን ትልቅ የብር ሳንቲም ነው። ወደ አማርኛ ቢመለስ «ስምንት ቁራጭ» ይሉት ነበር አንዳንዶች፣ አይባልም። አያቶቻችን ማሪያ ትሬዛን የሚሏት ጠገራ ብር እኮ የዚህ ሳንቲም የቅርብ ዘመድ ናት፣ ያቺም ትልቅ የብር ሳንቲም፣ ክብደታቸው ራሱ ይቀራረባል፣ ወደ 27 እና 28 ግራም ነው። ስለዚህ በቀቀኑ በአማርኛ «ጠገራ ብር! ጠገራ ብር!» ነው ማለት ያለበት። ጨርሻለሁ፣ ተርጓሚዎች ልብ በሉ።

አሮጌ መጽሐፍ ተራ
አያቴ ጠገራ በአንገቷ ታስር ነበር፣ ይሄን ሳነብ ድምፁ ራሱ መጣልኝ

መምህር ነኝ ጡረታ አልወጣሁም
ጥሩ ነው ጠገራ። ወደ ጥያቄው ልመለስ፣ ብሩ ለምን ቀረ ለሚለው። መጽሐፉ እንዴት እንደተጀመረ ስታውቁ ይገባችኋል። በ1881 ክረምቱን ስኮትላንድ ብሬማር የሚባል ቦታ ዝናብ ይዟቸው ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ሚስቱ ከፊተኛው ባሏ የወለደችው ሎይድ የሚባል ልጅ አለ፣ ቀለም እየቀባ ይጫወታል። ስቲቨንሰን አብሮት ሆኖ የደሴት ካርታ ሳለ። ካርታው ነው መጀመሪያ የመጣው። ታሪኩ ከካርታው ወጣ። ካርታው ላይ ደግሞ ሦስት ቀይ መስቀል አለ፣ አንዱ ዋናው ሀብት፣ ከሰሜን ያሉት ሁለቱ የብር ዘንጎቹና መሣሪያዎቹ ናቸው። እና ታሪኩ ሲሄድ ሲሄድ የተጠቀመው በአንዱ መስቀል ነው። ሁለቱ ተረፉ። እኔ እንደሚመስለኝ ለቀጣይ ያስቀመጠው መንጠቆ ሳይሆን ከጨዋታው የተረፈ ነገር ነው፣ ልጅ ሆናችሁ ካርታ ስትሠሩ ያላችሁበትን ቦታ ብቻ ነው እንዴ የምትስሉት?

ሮቢንሰን ሰለቸኝ
መምህር እዚህ ላይ አልስማማም ይቅርታ ያርጉልኝ። የተረፈ ከሆነ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምን ያደርጋል? ጂም ገና ሲጀምር ሁሉንም እጽፋለሁ፣ የደሴቱን አቅጣጫ ብቻ አልናገርም፣ ምክንያቱም ያልወጣ ሀብት ገና አለ ይላል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው ይሄ! ስለዚህ ገና ሳይጀምር አስቦበታል።

ለኔ ግን ያሰበው ለክፍል ሁለት አይደለም። ተንኮሉ ሌላ ነው። ደሴቱ የት እንዳለ ሳይነግረን እንዲያልፍ ምክንያት ያስፈልገው ነበር፣ ምክንያቱ ብሩ ነው። የትም የሌለ ደሴት የሆነ ቦታ ያለ አስመሰለው። አሁን ክፍል ሁለት ተጽፎ ሄደው ብሩን ጭነው ቢመጡ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው መጽሐፍ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ውሸት ይሆናል። ሚስጥሩን የሚደብቅበት ምክንያት የለውማ። ቤቱን ከመሠረቱ ነው የምታናጋው።

የመርከቡ ልጅ
ኧረ ይሄስ። ቆይ ግን ጂም ራሱ ለምን አይሄድም? ቦታውን ያውቃል፣ መርከብ የሚገዛለት ባላባት አለ፣ ዕድሜው ልጅ ነው። በኔ አገር ሰው ለዛ ብር በእግሩ ይሄዳል።

ሮቢንሰን ሰለቸኝ
መጨረሻውን ገጽ መልሰህ እያት። በበሬና በገመድ ብትጎትቱኝ ወደዛ የተረገመ ደሴት አልመለስም ነው የሚለው። ሌሊት የማዕበሉን ድምፅ እየሰማ ይባንናል፣ በቀቀኑ ጆሮው ላይ ይጮህበታል። ልብ በል፣ ልጁ ሀብታም ሆኖ ነው የሚባንነው። አንድ ሰው በእጁ ገድሏል፣ እስራኤል ሃንድስን ከመርከቡ ምሰሶ ላይ ነው ባሕር ውስጥ የጣለው። ሲልቨር ቶም የሚባለውን ታማኝ ባሕረኛ በምርኩዙ ጀርባውን መትቶ በቢላ ሲጨርሰው ጫካ ውስጥ ተደብቆ አይቷል፣ በኋላ ደግሞ ከዛው ሰውዬ ጋር በገመድ ታስሮ ሀብት ፍለጋ ሄዷል። ብሩን የሚፈልገው ያላየው ሰው ነው። ያየው አይፈልገውም።

ሲኒማ በር ላይ
እስራኤል ሃንድስን እኮ እኔ ልጅ ሆኜ በህልሜ አየው ነበር፣ ውሃው ውስጥ አሸዋው ላይ ተጋድሞ ዓሣዎች በላዩ ሲያልፉ የሚለው አለ አይደል

ጠገራ
ቤን ጋንንም አትርሱ። ሦስት ዓመት ደሴት ላይ ብቻውን ተትቶ ቺዝ ቺዝ እያለ ሲቃዥ የኖረው። ሲመለስ አንድ ሺህ ፓውንድ ሰጡት፣ በ19 ቀን ጨርሶ በሃያኛው ቀን ልመና ተመለሰ። ክፍል ሁለት የሱ ነው ለኔ፣ 19 ቀን እንዴት እንደበላው በቀን በቀን ይጻፍልኝ። ቺዝ ብቻ አይሆንም መቼም

አቢጊያ ከሪያድ
ጠገራ እኔ የማውቀው ሰው አለ ከዓረብ አገር ተመልሶ በ19 ቀን የጨረሰ፣ ልጽፍልህ እችላለሁ 😂

ነገም ሌላ ቀን
ዘግይቼ ነው የገባሁት። የሰው ክር ላይ ሌላ መጽሐፍ ላምጣና፣ ነቢይ መኮንን ደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመውን ታውቁታላችሁ፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው»። የእንግሊዝኛው ርዕስ ሌላ ነው፣ ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ። የአማርኛው ርዕስ የመጽሐፉ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ነው። ባሏ ሬት ጥያት እሄዳለሁ ብሏል፣ ስካርሌት ነገ አስብበታለሁ ትላለች፣ አለቀ። ደራሲዋን ማርጋሬት ሚቸልን ሰው ሁሉ ተመለሰ ወይ አልተመለሰም እያለ ሲጨቀጭቃት ክፍል ሁለት አልጽፍም ብላ በ1949 መኪና ገጭቷት ሞተች። በ1991 ወራሾቿ ፈቅደው ሌላ ደራሲ ጻፈችው፣ ተሸጠ በደንብ። እኔ ጀመርኩትና ተውኩት። ምክንያቱም እኔ የማውቀው መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ ራሱ ያልተዘጋ በር ነው ያለው። ያንን ወረቀት እስር ቤት ውስጥ ሲቀባበሉ ለነበሩ ሰዎች ነገ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፣ ከዛ አንድ ሰው መጥቶ ነገ እንዲህ ሆነ ብሎ ሲጽፍልህ ደስ አይልም።

አሮጌ መጽሐፍ ተራ
ይሄ አስተያየት ለብቻው ክር ይውጣለት

ቅዳሜ ገበያ
እሺ ሁላችሁም አያስፈልግም ብላችኋል። ግን ሌሎች ሰዎች ጽፈውለት የለም እንዴ ለትሬዠር አይላንድ?

መምህር ነኝ ጡረታ አልወጣሁም
አሉ፣ የባለቤትነት መብቱ ካለፈ ቆይቷል ማንም መጻፍ ይችላል። የሚታወቀው አንድሩ ሞሽን በ2012 ያወጣው «ሲልቨር» ነው፣ የእንግሊዝ የቤተ መንግሥት ባለቅኔ የነበረ ሰው ነው። የጂም ልጅና የሲልቨር ልጅ ናቲ ካርታውን ሰርቀው ብሩን ፍለጋ ይሄዳሉ። ልጅህ የጠየቀችውን በቀጥታ ነው የያዘው፣ ደሴቱ ላይ የተተዉት ወንበዴዎች ምን ሆኑ የሚለውንም ይመልሳል፣ መልሱ ግን ጨለማ ነው፣ ባሪያ የጫነ መርከብ አለበት፣ ለዘጠኝ ዓመት አይሆንም። አጻጻፉ ያማረ ነው አልዋሽም። ግን ሳነበው ሁሌ አንድ ነገር ይጎድለኝ ነበር፣ ጋሽ ብሩ ሸምግሎ አልጋ ላይ ነው። ሲልቨር የሌለበት ጀብዱ ጨው የሌለው ወጥ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር ከመተኛቴ በፊት። ስቲቨንሰን ራሱ አንዴ ወደነዚህ ሰዎች ተመልሷል፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ከሞተ በኋላ የታተመ አጭር ነገር ነው። ከምዕራፍ 32 በኋላ ሲልቨርና የመርከቡ አዛዥ ካፒቴን ስሞሌት ከታሪኩ ወጥተው ፒፓ እያጨሱ ያወራሉ። ደራሲ የሚባል አለ ወይስ የለም፣ ካለስ የማን ወገን ነው እያሉ። ሲልቨር ደራሲው የሚወደው እኔን ነው፣ አንተ ላይ የሚያጠፋው ቀለም ትንሽ ነው ይለዋል። ካፒቴኑ ደግሞ እኔ ደጉ ሰው ነኝ ያ ይበቃኛል ይላል። ከዛ የቀለሙ ጠርሙስ ሲከፈት ይሰማሉ፣ ምዕራፍ 33 ሊጀመር ነው፣ ወደ ቦታቸው ይሮጣሉ። ተመልሶ መጣ፣ ግን ከመጨረሻው በኋላ አልሄደም፣ መሀል ላይ ነው የገባው።

አቢጊያ ከሪያድ
መምህር ይሄ በኦዲዮ ይገኛል?

መምህር ነኝ ጡረታ አልወጣሁም
አጭር ነው እህቴ፣ ካጣሽው እኔው አንብቤ እልክልሻለሁ፣ ድምፄን ግን ታገሺ።

የመርከቡ ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ዛሬ ማታ ለልጄ አንድ በአንድ ነገርኳት። የሮቢንሰን ሰለቸኝን ክርክር ሰምታ ትንሽ አሰበችና «እና ጂም እየዋሸ ቢሆንስ? ሄዶ አምጥቶት ማንም እንዳይጠይቀው ቢሆንስ?» አለችኝ። ሮቢንሰን መልስ ካለህ ጻፍልኝ እኔ የለኝም። የሲልቨርን ሚስት ስም አውጥታላታለች፣ አልነግራችሁም ሚስጥር ነው ተብያለሁ። ጋሽ ብሩ የሚለውን ግን በጣም ነው የወደደችው፣ በምርኩዝ እየዘለለች «ጠገራ ብር» እያለች ነው ያመሸችው፣ ጎረቤት ይታገሰን።

አሁን ኪድናፕድን ልንጀምር ነው። ገና ሽፋኑን ሳልከፍት «ክፍል ሁለት አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። አለው አልኳት። «እሺ፣ ጀምር» አለች።